አክስቴን የከበዳት ጾሙ ነው ወይስ ፍስኩ?

ባለፈው ሳምንት ስለ ፀጉር መነቃቀል ብጽፍ ስንቶቻችሁ ናችሁ የደወላችሁልኝ! የዛሬው ጉዳይ ደግሞ ከፀጉርም ከራስ ቅልም በታች ነው። ስለ ሆድና ስለ አእምሮ እናወራለን። እኔ ሐኪም እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በጽሑፍ እንጀራዬን የምጋግር ሰው ነኝ። የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን፣ ሐኪም ጠይቄ የተረዳሁትንና አንብቤ ያገኘሁትን ነው።

ታሪኩ የአክስቴ ነው። ስሟን አልጠራም፤ አንደኛ ይህ ዓምድ ስም አይጠራም፣ ሁለተኛ ገነተ ማርያም ትንሽ ከተማ ስለሆነች ብጠራው በማግስቱ ጉድ ይፈላል። ገነተ ማርያምን ለማታውቁ፣ ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላስታ ከተማ ናት። ከአለት የተፈለፈለችውና በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ሥዕሎቿ የምትታወቀው ቤተ ክርስቲያን ያለችው እዚያ ነው። ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ስንዴ ይበቅላል፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። ዶሮው ተሠርቶ፣ በጉ ታርዶ፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ አክስቴ ጓዳ ገብታ ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። ድሮ እኮ በዚያ ቤት ሳቅ የሚጀምረው ከሷ ነው!

"እትዬ፣ ምነው? ምን ሆነሻል?"

"ምንም አልሆንኩ ልጄ፤ እንዲያው ደከመኝ።"

ድካም ብቻ በሆነ መልካም ነበር። ጎረቤቷ ወደ ውጭ ሳብ አድርጋ ሹክ አለችኝ። ሌሊት አትተኛም። ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ትጨምራለች። የማርያም ጽዋ ተረኛ መሆኗን ረስታ ማኅበርተኛው ባዶ ቤት መጣ፤ ይህ በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ እጅና እግሯንም ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወራታል። ለልቅሶው እንኳ ምክንያት አላት ማለት ይቻላል። ትልቁ ልጇ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ብሎ ከወጣ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው።

ሰፈሩ እንደ ልማዱ ፈርዷል። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ አንዱ ዓይነ ጥላ፣ አንዱ የልጅ ናፍቆት። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ አንድ ዘመዳችን ደግሞ፣ ሰውነቱን የሚገነባና በቀን ስድስት እንቁላል የሚበላ ጎረምሳ ነው፣ በግ ጥብሱን እያላመጠ "ጾም ነው የጨረሳት! ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ የበላ አንጎል ምን ይሁን?" ብሎ ደመደመ። አክስቴ ሰማች። "ጾሜን ከምተው ነፍሴን ብተው ይሻለኛል" አለችና የፋሲካውን ዶሮ እንኳ ሳትቀምስ ዋለች። ልብ በሉ፤ ሰውየው ብላ ሊላት ፈልጎ ጭራሽ አስተዋት!

ለሳምንት ብዬ የሄድኩት ቆይታዬ እስከ ጰራቅሊጦስ የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፌን በስልክ እየላክሁ እዚያው ከረምኩ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቢኖር፣ ትስቁብኝ ይሆናል፣ ደብተር ይዤ አክስቴ አፍ የገባውን ሁሉ መመዝገብ ነው። ጠዋት ቡና፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ ከገብስ ቆሎ ጋር። ቀን የገብስ እንጀራ በሽሮ። ወዲያው በላዩ ላይ ቡና። ማታ ከቀኑ የተረፈው፣ ካልተረፈ የባቄላ ንፍሮ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጎመን ተጨመረና ደስ አለኝ።

ዶሮዎች አሏት፤ አምስት። እንቁላሉ ግን በጭድ ተጠቅልሎ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ይወርዳል። ቱሪስቱ በደህናው ጊዜ ሲጎርፍ ለሆቴል የሚገዙ ነጋዴዎች እየተሻሙ ይወስዱት ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በወረርሽኙም በጦርነቱም ቱሪስቱ ሲሳሳ ገበያው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን ለዘይትና ለሳሙና መግዣ ሌላ ምን አለ? ቅቤውም ይሸጣል። ወተቷ ትንሽ ናት፤ እሷኑ ልጆቹ ይጠጧታል። አክስቴ ደግሞ እንደ ብዙ እናቶቻችን ከሁሉ በኋላ የምትበላ ሴት ናት። ድስቱ ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ መረቅ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራችን አልተሳካም። አንድ የጤና ድርጅት ወሰድኳትና ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ማስታገሻና ቀይ ከረሜላ የሚመስል ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘን። ሁለተኛው ሐኪም ግን የተለየ ሰው ነበር። የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየ፣ እግሯን በብረት ነካ ነካ እያደረገ "ይሰማዎታል?" አለ፣ ስለ ልጇ ጠየቀ፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀ። ቀጥሎ ደግሞ እኔን ያስደነገጠኝን ጥያቄ አመጣ።

"እናቴ፣ መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል?"

እንዴ! እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ልቆጣው ስል አክስቴ ቀደመችኝ። አንገቷን ደፍታ "አንዳንዴ ባይነጋ እላለሁ" አለች። እኔ ያንን ሁሉ ቀን ደብተሬ ላይ ቆሎና ሽሮ ስጽፍ ይህን አልጠየቅኋትም ነበር።

ደሟ ተመረመረ። ደም አንሷታል፤ ቀይ የደም ሕዋሶቿም ከልካቸው በላይ ተልቀዋል። ምርመራው ከተማ ተልኮ ሲመጣ ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ነገር በሰውነቷ ውስጥ ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኘ። መርፌ ተጀመረላት። ለድብርቱም ለብቻው መድኃኒት አዘዘላት፤ በየወሩ እየመጣች እንድታነጋግረውም ቀጠሮ ያዘላት። "የልጅ ሐዘን በቫይታሚን አይድንም፤ የቫይታሚን ማነስም በምክር አይድንም። ሁለቱንም እናክማለን" አለኝ። ይህን አባባሉን ወድጄለታለሁ።

አሁን ወደ ቢ12 እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ይህን ቫይታሚን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እኛ የምናገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ በኩል ነው። በጤፍ የለም፣ በገብስ የለም፣ በሽሮ የለም፣ በጎመንም የለም። ሥራው ደም መሥራትና የነርቭን ሽፋን መጠበቅ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩ ሲላጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ አይደል? የነርቭ ሽፋን ሲጎዳም እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ይወራል፣ አረማመድ ይበላሻል። ሰውየው ይረሳል፣ ይደክመዋል፣ ይደብረዋል፤ ሲብስም አእምሮው ይምታታል። በጊዜ ከተደረሰበት ይስተካከላል፤ ከዘገየ ግን የነርቩ ጉዳት ላይመለስ ይችላል።

"አየህ፣ ጾም ነው አላልኩም?" የሚል አይጠፋም። ቆይ ወንድሜ! ጉበታችን ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያስቀምጣል። ስለዚህ በፍስኩ ጊዜ እንቁላልና ወተት የሚያገኝ ጤነኛ ሰው በሁዳዴ 55 ቀን ጎተራው አይራቆትም። ጎተራው የሚራቆተው ጾሙ ሲፈታም የሚገባበት ነገር ሲጠፋ ነው። ደግሞም በመብላት ብቻ አያልቅም። ዕድሜ ሲገፋ ጨጓራ ቢ12ን ከምግብ ነጥሎ የማውጣት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚንና ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞልም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ያሳንሱታል። ሥጋ በልቶ የሚያድር የከተማ ሰውም ይነካዋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ባስረዳትም ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሐኪሙ እንቁላል ብዪ ብሏታል፤ የሰኔው ጾም ደግሞ እየቀረበ ነው። የነፍስ አባቷ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአነጋገራቸው ቁጥብ። እኔ ትንታኔዬን ስደረድር አዳመጡኝና ወደሷ ዞረው፦

"ልጄ፣ ለታመመ ሰው ምግቡ መድኃኒቱ ነው፤ በዚህ አትጨነቂ። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በዚህ ሃምሳ ቀን እንቁላሉን ማን በላው?"

አክስቴ ዝም።

"እኮ ማን በላው?"

"ተሸጠ አባ።"

"እንግዲያ አንቺ ስትጾሚ የኖርሽው እኔ ያላዘዝኩሽን ጾም ነው።"

ከቤታቸው ስንወጣ ያ የአዲስ አበባው ዘመዳችን ትዝ አለኝ። እሱ የከሰሰው ጾሙን ነው፤ ጥፋቱ ያለው ግን ፍስኩ ላይ ነበር። እንዲያውም የጾም ምግባችን ራሱ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ድብርት የያዛቸውን 67 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ለ12 ሳምንት አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉ አገዟቸው፤ ለተቀሩት ደግሞ የሚያጫውት ሰው መደቡላቸው። ምግባቸውን ካስተካከሉት ከመቶ 32ቱ ከድብርቱ ወጥተው ተገኙ፤ ከሌሎቹ ከመቶ 8ቱ። 67 ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹም መድኃኒታቸውን ወይም ምክራቸውን አላቋረጡም። ቢሆንም ነገሩ ዓለምን አነጋግሯል። ታዲያ ያ ጉደኛ ምግብ ምን ነበር? ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ለውዝ፣ የወይራ ዘይት፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ትንሽ ሥጋ። ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ገብሱ ላስታ ውስጥ አለ! የጎደለው የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ስለ ዓሣ ካነሳን፣ በፍትፍት የምንበላትን ተልባ አትናቋት። ለአንጎል ይበጃል የሚባለው የኦሜጋ ሦስት ቅባት ዘር አላት። ሰውነታችን ወደ ዓሣው ዓይነት ቅባት የሚለውጠው ከፊሉን፣ ያውም ትንሹን ነው፤ ግን ከምንም ይሻላል። ሙሉውን ፍሬ ከዋጣችሁት እንደገባ ይወጣል፤ ተቆልታ ትፈጭ።

የምግብና የአንጎል ነገር ለወሎ ሰው ከውጭ የመጣ ወሬ አይደለም። ከኛ ብዙም በማይርቀው ደላንታ ዳውንት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላው እህል ሲጠፋ ሰዉ ድርቅ የሚችለውን ጓያ በብዛት በላ፤ ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣት ወንዶች፣ እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ እንቅስቃሴን የሚያዙትን ነርቮች ይገድላል፤ የገደለውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ያጠኑት ሰዎች ያገኙት ነገር ለባለ ድስት ሁሉ የሚጠቅም ነው። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ አደጋውን ሲያብሱ፣ ከገብስና ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ የተበላው ቀንሶታል።

ጨውስ? እናቶቻችን ከአፋር በግመል የሚመጣውን አሞሌ ወቅጠው ነው ያሳደጉን። አዮዲን የለበትም። የደጋ አፈር ደግሞ አዮዲኑ በዝናብ ታጥቦ የሄደ ነው፤ በየገበያው እንቅርት ያላት እናት የምናየው ለዚህ ነው። እንቅርት የአንገት ጌጥ አይደለም! አዮዲን ያነሳት እርጉዝ የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። አዋቂውም የአንገቱ ዕጢ ሥራውን ሲያንቀራፍፍ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይወፍራል፣ ሐሳቡ ይጎተታል፣ ይደብረዋል። ከ1990ው የኤርትራ ጦርነት በፊት አዮዲን ያለው ጨው በወደቦቹ በኩል ይመጣ ነበር፤ ያ ሲቋረጥ ገበያውን የሞላው አዮዲን የሌለው ጨው ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ነው ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ የወጣው። እንግዲህ ስትገዙ ማሸጊያውን እዩ፤ ቤት ስታስገቡ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከምድጃ አርቁት፤ ወጡ ላይ የምትጨምሩትም ሊወጣ ሲል ይሁን። አዮዲን ይተናል።

የሚበላው ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ስለ ቫይታሚን ማውራት ቅንጦት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር በግማሽ ሆድ እንዲኖሩ ተደረገ። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። የሚያስገርመው ግን የጠባያቸው ነገር ነው፤ ደበራቸው፣ ነጭናጫ ሆኑ፣ ከሰው ሸሹ፣ ቀንም ሌትም ሐሳባቸው ምግብ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ቀኑ ሲያበቃ እንደሚበሉ ያውቁ ነበር! በ1977 ዓ.ም. የላስታ ሰው ይህን አያውቅም ነበር። የኛ ሽማግሌዎች ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚያቀረቅሩት ለምን እንደሆነ ያን ጥናት ሳነብ ትንሽ የገባኝ መሰለኝ። በጅማ አካባቢ በግልገል ጊቤ የተደረገ ጥናትም የነገ ምግቡ የሚያሳስበው ሰው የድብርትና የጭንቀት ምልክት እንደሚበዛበት አሳይቷል።

በሉ እንግዲህ፣ "ምን እናድርግ?" ለምትሉኝ። ቡናችሁን አልነካም፤ ላስታ ሄጄ ቡና ተዉ ብል በድንጋይ ነው የምባረረው! ግን ምግብ እንደተበላ ወዲያው አትጠጡት፤ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ቡናና ሻይ በእህል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዱታል፤ ብረት ያነሳት ሴት ደግሞ ድካሟ ከድብርት አይለይም። ሽሮው ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ጥሬ ቃሪያ መግመጥ በተቃራኒው ይረዳል። አረቄ ለድብርት መድኃኒት ነው የሚሉትን አትስሟቸው፤ ማታ ያስቃል፣ ጠዋት በወለድ ያስከፍላል። ጾመኛ ሆናችሁ በፍስኩም የማታገኙ ከሆነ፣ እርጉዝ ወይም የምታጠቡ ከሆነ፣ እጅና እግራችሁ ከደነዘዘ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ከነፍስ አባታችሁም ተመካከሩ። የድብርት መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ እኔ ስለ እንቁላል ጻፍኩ ብላችሁ እንዳታቋርጡ፣ አደራ! "ባይነጋ" የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አክስቴስ? መርፌው ከተጀመረ በሦስተኛው ወር የእግሯ ጉንዳን ቀነሰ፤ እንቅልፏ ተመለሰ። ጽዋዋንም ደገሰች፤ ጨው አንድ ጊዜ ብቻ ጨምራ። ልጇ አልደወለም። ስሙ ሲነሳ አሁንም ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ግን ተመልሳ ትወጣለች።

ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። ስለ ገበያው ስጠይቃት "አሥራ አራት ነበር የተጠራቀመው፤ አሥሩን ሸጥኩት" አለችኝ።

"አራቱስ?"

"ሁለቱን ለልጆቹ ቀቀልኩላቸው።"

"የቀሩት ሁለቱስ እትዬ?"

"አንተ ደግሞ እንደ አባ ትመረምራለህ!" ብላ ሳቀችና ስልኩን ዘጋችብኝ።

ለሳምንት በደህና ያገናኘን።